ሰማያዊው ምስክር

እምቦጭ የሚለውን ቃል ያልሰማ የከተማ ልጅ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ገንዘብ ተዋጥቶበታል፣ ዘመቻ ተጠርቶበታል፣ በየቴሌቪዥኑ ተለቅሶበታል። ሞሊብዲነም የሚለውን ቃል ግን ከኬሚስትሪ ክፍል ውጭ የሰማ ካለ እስኪ እጁን ያውጣ! እውነቱን ለመናገር እኛም እጃቸውን ከማያወጡት ወገን ነበርን። ሁለቱን ቃላት ያገናኘልን አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን እንደተለመደው ስለ ጣና ስንከራከር ዋልን። አንዱ “ማሽን ይገዛ” ይላል፣ ሌላው “ጥንዚዛ ይለቀቅበት” ይላል፣ ሦስተኛው “በዚህች አገር ምን ይሠራል?” ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ከመካከላችን በውሃ ላቦራቶሪ የሚሠራ ወዳጃችን ነበር። ዝም ብሎ ሲሰማን ቆየና ባዶ ሃይላንድ አነሳ፤ ወርዶ ከዳር ሞላውና “ነገ ኑ፣ የምትከራከሩበትን ነገር አሳያችኋለሁ” አለን።

በማግስቱ ሄድን። ወተት የነካው ሻይ የሚመስለውን ውሃ በስስ ወረቀት አጠለለው። ጭቃው ወረቀቱ ላይ ቀረ፣ ውሃው ጠርቶ ወረደ። ከዚያም ከአንድ ጠርሙስ ጥቂት ፈሳሽ ጨመረበት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግን ያ የጠራ ውሃ ቀስ እያለ የመስከረም ማለዳ ሰማይ የመሰለ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ።

“ይሄ ቀለም የጣና ነው?” አልነው።

“ቀለሙ የሞሊብዲነም ነው፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እንዲወጣ ያደረገው ግን ጣና ውስጥ ያለው ፎስፌት ነው። ፎስፌት ከሌለ ውሃው እንደጠራ ይቀራል” አለን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን ሰማያዊ ቀለም ታሪክ ስንከታተል ከረምን። ዛሬ ለእናንተ የምናወጋችሁም እሱኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።)

እርሳስ የመሰለው ድንጋይ

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ስህተት ነው። ሞሊብዶስ በግሪክኛ እርሳስ የተባለው ብረት ስም ነው። ለብዙ ዘመን የአውሮፓ ሰዎች ጥቁር፣ ልስልስና ወረቀት ላይ የሚጽፍ ድንጋይ ሁሉ የእርሳስ ዘመድ ይመስላቸው ነበር። ዛሬ በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይትና ሞሊብዲናይት የተባለው ማዕድን በዚህ የተነሳ በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

ይህን የለየው ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ ስዊድናዊ የመድኃኒት ቀማሚ ነው። በ1778 ሞሊብዲናይቱን በናይትሪክ አሲድ ደጋግሞ አጠበው። ግራፋይት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም ነበር። ይሄኛው ግን ጥቁረቱን ጥሎ ነጭ ዱቄት ሆነ። ያ ነጭ ዱቄት ዛሬ ሞሊብዲነም ኦክሳይድ የምንለው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1781፣ ፔተር ያኮብ ዬልም የተባለ የአገሩ ሰው ዱቄቱን ከካርቦን ጋር በኃይለኛ እሳት አንድዶ ብረቱን ራሱን አወጣው።

በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ከጀመረ አሥር ዓመት ያህሉ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ያየው በ1770 ነው። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ጽፎ ለዓለም ያወራው ሰው በሕይወት እያለ፣ ጣናን አንድ ቀን የሚመረምረው ዱቄት በሌላው የዓለም ጫፍ ተወለደ ማለት ነው። ለነገሩ ሁለቱ ለመገናኘት ገና ብዙ ዘመን ይቀራቸው ነበር።

ዱቄቱ አንድ ጠባይ አለው። ክሪስታሉ እንደ ተነባበረ ወረቀት ነው፤ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይደራረባል። በየንጣፉ ውስጥ እያንዳንዱ የሞሊብዲነም አቶም በስድስት ኦክስጅን ይከበባል። ጤነኛ ሲሆን ነጭ ነው። ሃይድሮጅን ባለበት ሲሞቅ ግን ከላዩ ላይ ኦክስጅኑን ማጣት ይጀምራል። ኦክስጅኑ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹን ትቶ ይሄዳል። እነዚህ ወራሽ ያጡ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ሞሊብዲነም ወደ ሌላው ሲዘሉ ቀዩን ብርሃን ይበላሉ፣ ለዓይናችን የሚተርፈው ሰማያዊው ይሆናል። ሞሊብዲነም ሌላም ብዙ ሥራ አለው፤ ሚኒባሳችን የሚጠጣውን ናፍጣ በማጣሪያ ፋብሪካ ከድኝ የሚያጸዳውም ሞሊብዲነም ያለበት ነገር ነው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

በ1826 ሌላው ስዊድናዊ ያኮብ በርዜልየስ ሞሊብዲነምና ፎስፌት በአሲድ ውስጥ ሲገናኙ ቢጫ ነገር እንደሚሠሩ ጻፈ። ያ ቢጫ ነገር ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1933 ጄ ኤፍ ኬጊን የተባለ እንግሊዛዊ የዚህን ቤተሰብ ቅርጽ በኤክስሬይ አሳየ። ነገሩ ጎጆ ነው ብላችሁ አስቡት። አሥራ ሁለት የሞሊብዲነም አቶሞች በኦክስጅን ተያይዘው ግድግዳ ይሠራሉ፣ በመካከል አንድ ፎስፈረስ ይቀመጣል። ፎስፈረሱ የቤቱ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ከሌለ ጎጆው አይቆምም። ጎጆው ከቆመ በኋላ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ሲጨመርበት እንደ ነጭ ዱቄቱ ሰማያዊ ይሆናል። ምሰሶው በበዛ ቁጥር ጎጆው ይበዛል፣ ሰማያዊውም ይደምቃል። ወዳጃችን ፊታችን የሠራው ይህንኑ ነው፤ ምሰሶ መቁጠር።

ሁሉም የጠየቀው “ስንት ነው?” ብሎ ነው

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ጣና የዓለም ዓይን አርፎበታል። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣና በስሙ ተጠቅሷል። የእንግሊዝ ጭንቀት የዓባይ ውሃ እንዳይቆም ነበር። በ1920 እና 1921 ግራባምና ብላክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ሐይቁን አጥንተው ዘገባቸውን በ1925 አሳተሙ። ዳንግላ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ሐይቁን ዞሮ፣ ደሴቶቹን አይቶ መጽሐፉን በ1936 አወጣ። በመካከሉ ጄ ጂ ዋይት የተባለው የኒውዮርክ ኩባንያ በጣና መውጫ ላይ ለሚታሰበው ግድብ ጥናት አካሄደ።

የእነዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ ውሃው ስንት ነው? ስንት ይወጣል? ስንት ይገደባል? ውሃው ውስጥ ስላለው ነገር መጠየቅ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እሱም በክፉ ቀን። በ1937፣ በወረራው ዘመን፣ የጣሊያን አካዳሚ የላከው ቡድን ከመሬቱና ከዓሣው ጋር ውሃውንም መረመረ።

አሁን ዓመታቱን አስተያዩልን። ግራባምና ብላክ የጣናን ውሃ በሚለኩበት በ1920፣ ዴኒዤስ የተባለ ፈረንሳዊ በጣም ጥቂት ፎስፌትን በሞሊብዲነም ሰማያዊ መለየት እንደሚቻል አሳተመ። በ1923 ደግሞ አትኪንስ የተባለ ሳይንቲስት ዘዴውን ፕሊመዝ ላይ ወደ ባሕርና ወደ ሐይቅ ውሃ አምጥቶ፣ ፎስፌቱ ሲቀንስ በዓይን የማይታዩት የውሃ ዕፅዋት እንደበሉት አወቀ። ማለትም ውሃ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል መመገብ እንደሚችልም መለካት ተጀመረ። ያ ጥያቄ ጣና ዘንድ ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ዛሬ በእጃችን የመቶ ዓመት መዝገብ ይኖረን ነበር። ይቆጨናል።

1962 እና ባሕር ዳር

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ የተጻፈው በ1962 ነው። መርፊና ራይሊ የተባሉ ሁለት የሊቨርፑል ሰዎች አሲዱን፣ ሞሊብዲነሙን፣ ጥቂት አንቲሞኒና ኤሌክትሮን ሰጪውን በአንድ ጠርሙስ ቀላቀሉ። ኤሌክትሮን ሰጪው ማን እንደሆነ ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ቫይታሚን ሲ ነው። አዎ፣ ከብርቱካንና ከሎሚ የምናገኘው! ድብልቁን ውሃው ላይ ጨምሮ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለን ጥቂት ማይክሮግራም፣ ማለትም የግራምን ሚሊዮንኛ፣ ይለያል።

ባሕር ዳርም ያኔ ከተማ እየሆነች ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1961 ተከፈተ። ዛሬ “ፖሊ” የምንለው የቴክኒክ ተቋም በሶቭየት እርዳታ በ1963 ሥራ ጀመረ። የጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል በ1964 ተከተለ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ማዳበሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ መድረስ ጀመረ። ቆየት ብሎ ዳፕና ዩሪያ የገጠር ቋንቋ ሆኑ። በአንድ ኩንታል ዳፕ ውስጥ ሃያ ኪሎ ያህል ፎስፈረስ አለ። እንግዲህ ፎስፈረስን የሚቆጥረው ጠርሙስና ፎስፈረስን የሚያመጣው ከረጢት የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ከረጢቱ በየቀበሌው ደረሰ። ጠርሙሱ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀመጠ።

ፎስፈረስ ለምን ይሄን ያህል ይፈራል? በ1973 በካናዳ አንድ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ተከፈለ። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ ተጨመረ። በሌላው ወገን ሁለቱም ከፎስፈረስ ጋር ተጨመሩ። ፎስፈረስ ያገኘው ወገን አረንጓዴ ሆነ። ከላይ የተነሳው ፎቶግራፍ ብዙ ክርክር ዘጋ። ናይትሮጅንን ከአየር የሚያወርዱ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ (የሚገርመው፣ የሚያወርዱበት መሣሪያም ብዙውን ጊዜ ሞሊብዲነም አለበት)። ፎስፈረስን ግን ከአየር የሚያመጣ የለም። ከመሬት ይታጠባል እንጂ። በሞቃታማ አገር ሐይቆች ናይትሮጅንም አብሮ እንደሚወስን እናውቃለን። ቢሆንም በሰው እጅ ሊያዝ የሚችለው በይበልጥ ፎስፈረሱ ነው።

ቀዩ አፈር የሚሸከመው

ጣና የማይጠልቅ ሐይቅ ነው። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልሎ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው። ተፋሰሱ ከነሐይቁ አሥራ አምስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሄክታር ጣና የአራት ሄክታር መሬት እጣቢ ይቀበላል። አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ እነዚህን ወንዞች ያየ ሰው የሚወርደው ውሃ ነው ወይስ ማሳ ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሌላ ኦክሳይድ ይገባል። አፈራችንን የሚያቀላው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገት ማለት ይቻላል። የብረት ኦክሳይድ ገጽ ፎስፌትን ሲያገኝ ይዞ አይለቅም። ለዚህ ነው ገበሬው ከዘራው ማዳበሪያ ብዙው ለሰብሉ ሳይደርስ በቀይ አፈር ተይዞ የሚቀረው። አፈሩ ቢቀመጥ ኖሮ ለከርሞ ይሆናል በተባለ ነበር። አፈሩ ግን አይቀመጥም። በጎርፍ ተነስቶ የያዘውን እንደያዘ ወደ ጣና ይወርዳል።

ሐይቁ ውስጥስ? ጀርመናዊው አይንዘሌ በ1936፣ እንግሊዛዊው ሞርቲመር በ1941 እንዳሳዩት፣ በሐይቅ ወለል ኦክስጅን ሲጠፋ የብረት ኦክሳይዱ ይፈርስና የያዘውን ፎስፌት ይለቃል። ወፍራም የእምቦጭ ምንጣፍ ሐይቅን ሲሸፍን አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ያደርጋል፤ ሲበሰብስ ደግሞ የተረፈውን ኦክስጅን ይበላል። አረሙ የራሱን ጓዳ በራሱ ይከፍታል ማለት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ጣና ደፍራሽ በመሆኑ ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም። በዚህ ምክንያት ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ዕፅዋት ምግብ ቢኖራቸውም እንደ ልባቸው አይበዙም። እምቦጭ ግን ተንሳፋፊ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ፣ ሥሩ ምግቡ ላይ ነው። ጭቃው ተቀናቃኞቹን ጋርዶለት ፎስፌቱን ያቀርብለታል። ከአማዞን የመጣ እንግዳ ከዚህ የተመቸ ቤት ከየት ያገኛል?

እምቦጭ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። ጣና ላይ የታየው በ2011 በሰሜኑ በኩል፣ መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ ወንዝ አፍ ላይ! ከዚያ በደንቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ተዛመተ። ባሕር ዳር መናፈሻ ላይ ቆመን ብዙውን ላናየው የምንችለው ለዚህ ነው።

ጠረጴዛው ለምን ባዶ ሆነ?

ወዳጃችን ያንን ፈዛዛ ሰማያዊ ሲያሳየን ከመካከላችን አንዱ “ፈዛዛ ከሆነማ ፎስፌቱ ጥቂት ነው፤ ጥሩ ዜና ነው!” ብሎ ነበር። ወዳጃችን ሳቀ። ያጠለለበትን ወረቀት አንስቶ ጭቃውን አሳየን።

“ይሄስ?” አለ። “ውሃው ውስጥ የሟሟው ጥቂት ነው። ብዙው እዚህ አፈር ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው። እሱን ለመቁጠር ከአሲድ ጋር ማፍላት ያስፈልጋል። ደግሞ የተራበ ሰው በልቶ በተነሳበት ጠረጴዛ ላይ ምግብ አታገኝም። ምግብ አልነበረም ትላለህ?”

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰማያዊው ምስክር እውነተኛ ነው፤ ግን የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። አርሴኒክ ባለበት ውሃ እሱንም ከፎስፌት ጋር አደባልቆ ሊቆጥር ይችላል። አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ስለ ጣና ምንም አይነግረንም። በክረምትና በበጋ፣ በወንዝ አፍና በመካከል፣ ተጠልሎና ሳይጠለል፣ ዓመት በዓመት ሲጠየቅ ግን የቱ ወንዝ ምን ያህል እንደሚያመጣ፣ የቱ እርከን እንደሠራ፣ የቱ ችግኝ ለፎቶ ብቻ እንደተተከለ ያሳብቃል። የባሕር ዳርንም ፍሳሽና ሳሙና ሳይተው ይቆጥራል። ስለዚህ ጣት ለመቀሰር ወደ ገጠር ብቻ የምንመለከት የከተማ ልጆች ብንጠነቀቅ ይሻለናል።

በ2020 መጨረሻ ለአንድ ወር በተካሄደው ዘመቻ ሰዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ሲጎትቱ አይተናል። አብዛኞቹ በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። እስኪ ነገሩን እንደ ሒሳብ እንየው። ገበሬው ማዳበሪያውን በውድ ዋጋ፣ ብዙ ጊዜም በብድር ይገዛል። ግማሹ መንገድ ላይ በቀይ አፈር ይያዛል፣ አፈሩም በጎርፍ ይሄድበታል። ከዚያ ያ ገንዘቡ መልኩን ለውጦ፣ ወይን ጠጅ አበባ አብቦ ሐይቁን ይሸፍነዋል። በመጨረሻም ይኸው ሰው በነፃ ጉልበቱ እንዲያወጣው ይጠራል። አንዱን ፎስፈረስ ሁለት ጊዜ ከፈለበት ማለት ነው። ከእሱ ጎን ደግሞ ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥልበት አጥቷል። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦም ዳርቻቸው እየጠበበ ነው።

እምቦጩን መንቀል አያስፈልግም አንልም። ዘሩ ለሃያ ዓመት ያህል ወለል ላይ ተኝቶ መቆየት ይችላልና መንቀሉን ማቆም ሞኝነት ነው። የምንለው፣ የሚበላውን ሳንቆጥር ስንነቅል ብንኖር ድካማችን ማብቂያ የለውም ነው። በሐይቁ ዙሪያ፣ ከጎርጎራ እስከ ዘጌ፣ ተማሪ ቤት ሞልቷል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከየወንዙ አፍ ቀድቶ፣ ቀኑን ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ ከማሽን ግዢ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ቁጥሩ ለገበሬውም ለከንቲባውም በአደባባይ ቢለጠፍ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ የምንከራከረው ሌላ ክርክር ይሆናል።

ያን ቀን ከላቦራቶሪው ስንወጣ ወዳጃችን ሰማያዊውን ብርጭቆ አልደፋውም። መስኮቱ ጥግ አስቀምጦ፣ ከበታቹ ቀኑንና የቀዳበትን ቦታ በትንሽ ወረቀት ጻፈ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው “የመጀመሪያው ይሁን ብዬ ነው” አለን። ሁለተኛውን ሃይላንድ የሞላነው እኛ ነን። ሦስተኛውን ማን ይሞላል?

ቸር ያሰንብተን።